ተማሪ ለማን ይጽፋል? ጦማር በመማሪያ ክፍልና በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት

በቋንቋ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች ድርሰት እንዲጽፉ ይታዘዛሉ። ርዕሱ የተለመደ ነው፤ «የክረምት ዕረፍቴ» ወይም «የትምህርት ጥቅም»። ተማሪው ጽፎ ያስረክባል፤ መምህሩ ስሕተቱን በቀይ እስክሪብቶ ያሰምርበታል፤ ከአሥር ስድስት ወይም ሰባት ሰጥቶ ደብተሩን ይመልሳል። የጽሑፉ ዕድሜም በዚያው ያበቃል። ከመምህሩ በቀር ያነበበው የለም፤ መምህሩም ቢሆን ያነበበው ሊያርመው እንጂ አንዳች አዲስ ነገር ሊያውቅበት አይደለም።

ይህ የለመድነው አሠራር አንድ ትልቅ ጥያቄ ይሸፍናል። ለመሆኑ ተማሪ የሚጽፈው ለማን ነው? በልዩ ልዩ ሀገራት የሚገኙ መምህራንና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ጦማርን ወደ ትምህርት ቤት ያስገቡት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈልጉ ነው።

ጦማር ምንድን ነው?

ብዙዎች «ብሎግ» በሚለው ስሙ የሚያውቁት ጦማር በየጊዜው የሚወጡ ጽሑፎች በቀን ተራ የሚሰፍሩበት የኢንተርኔት ገጽ ነው። አዲሱ ጽሑፍ ከላይ ይቀመጣል፤ የቆየው ወደ ታች ይወርዳል፤ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥርም አንባቢ አስተያየቱን ያኖራል። ቃሉ ለቋንቋችን እንግዳ አይደለም፤ ጦማር በጥንቱ ትርጉሙ ደብዳቤ፣ የተላከ ጽሑፍ ማለት ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1999 ብሎገር የተሰኘው አገልግሎት ሲጀመር የኮምፒውተር ሙያ የሌለው ሰው ሁሉ ጽሑፉን ለዓለም ማድረስ ቻለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የተካተተውም በዚያው ዓመት ነው፤ በአማርኛ መጦመር የተቻለው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ዎርድፕረስ፣ በ2005 ደግሞ ለመምህራንና ለተማሪዎች ተብሎ በአውስትራሊያ የተመሠረተው ኤዱብሎግስ ተከተሉ።

ሐሳቡ ከኢንተርኔት ይቀድማል

ይሁን እንጂ መሣሪያው አዲስ ቢሆንም ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት ሴሌስታን ፍሬኔ የተባለ ፈረንሳዊ መምህር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባው ቆስሎ ነበርና ረጅም ሰዓት ቆሞ ማስተማር ይቸግረው ነበር። በ1920ዎቹ ባር ሱር ሉ በተባለች የደቡብ ፈረንሳይ መንደር አነስተኛ የማተሚያ መሣሪያ ወደ ክፍሉ አስገባ። ልጆቹ ስለ መንደራቸው፣ ስለ ወላጆቻቸው ሥራና ስለ እንስሳት የጻፉትን ራሳቸው ፊደል እየለቀሙ አተሙ። የታተመውንም ከሀገሪቱ ሌላ ጫፍ፣ በብሬታኝ የባሕር ዳርቻ ለሚገኝ ትምህርት ቤት ላኩ፤ ከዚያም የዚያን ትምህርት ቤት ልጆች ጽሑፍ ተቀበሉ።

የተራራው ልጅ ባሕር አይቶ ለማያውቅ ጓደኛው የሚጽፍ አልነበረም፤ ተራራውን ለማያውቅ የባሕር ዳር ልጅ ነበር የሚጽፈው። ስለዚህ ለእርሱ ግልጽ የሆነውን ነገር ሁሉ ማብራራት ግድ ሆነበት። የጽሕፈት ትምህርት ትልቁ ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው፤ ተማሪ ቃሉን የሚመርጠው፣ ዐረፍተ ነገሩን የሚያስተካክለው፣ የጎደለውን የሚሞላው የማያውቀው ሰው እንደሚያነበው ሲያውቅ ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ለምን ያሳስበናል?

በሀገራችን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚቀርበው በምርጫ ጥያቄ ነው። ተማሪው ትክክለኛውን መልስ ይመርጣል እንጂ ሐሳቡን አያብራራም። በመሆኑም አንድ ልጅ የራሱን ሐሳብ በሁለት ገጽ አደራጅቶ ሳይጽፍ አሥራ ሁለት ዓመት ሊማር ይችላል። በ2014 ዓ.ም ፈተናውን ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ይታወሳል። ጦማር ይህን ውጤት ብቻውን አይለውጥም። ነገር ግን አንብቦ የመረዳትና የተረዱትን በራስ ቃል የማስረዳት ልምድ በምርጫ ጥያቄ ልምምድ አይገኝም፤ በመጻፍ ይገኛል።

በክፍል ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ልምዱ ያላቸው መምህራን የሚጀምሩት በአንድ የጋራ የክፍል ጦማር ነው። የገጹ ኀላፊ መምህሩ ይሆናል፤ ተማሪ የጻፈው እርሱ ሳያየው አይወጣም። ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል የሁሉንም ጽሑፍ በየሳምንቱ ማየት አይቻልምና በሳምንት አምስት ተማሪዎች በተራ ይጽፋሉ፤ የቀሩት አንባቢና አስተያየት ሰጪ ይሆናሉ። በዚህ አካሄድ በአሥራ ሁለት ሳምንት ሁሉም ተራው ይደርሰዋል።

ሥራው የቋንቋ መምህራን ብቻ አይደለም። የሥነ ሕይወት ተማሪ የባቄላ ዘር አብቅሎ የየቀኑን ለውጥ ይመዘግባል፤ የጂኦግራፊ ተማሪ የአካባቢውን ዝናብ ለክቶ ከወር ወር ያነጻጽራል፤ የታሪክ ተማሪ አያቱን ጠይቆ የቀበሌውን ስም አመጣጥ ይጽፋል። እንዲህ ያለው ርዕስ ሌላም ጥቅም አለው። የአያትን ትዝታና የጓሮን ባቄላ ከኢንተርኔት መቅዳት አይቻልም፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም አያውቃቸውም።

አስተያየት መስጠትም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። «ጥሩ ነው፤ በርታ» የሚል ቃል ለጸሓፊው ምንም አይጨምርለትም። ተማሪዎች በመጀመሪያ የወደዱትን አንድ ነጥብ ለይተው እንዲጠቅሱ፣ ቀጥሎም ያልገባቸውን በጥያቄ እንዲያቀርቡ ይለማመዳሉ። ጸሓፊው ጥያቄውን ተቀብሎ ጽሑፉን ሲያሻሽል እርማት ቅጣት መሆኑ ይቀራል።

ቤተ መጻሕፍቱ ሕያው ሲሆን

በበርካታ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት የመማሪያ መጽሐፍ ማከማቻና የጥናት ቦታ ብቻ ሆኗል። ጦማር ግን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያውን የአንባቢዎች አገናኝ ያደርገዋል። መጽሐፍ የመለሰ ተማሪ ታሪኩን ሳይጨርስ፣ ለማን እንደሚስማማና የት ቦታ ላይ ልቡ እንደተነካ በአንድ አንቀጽ ይጽፋል። ቀጣዩ ተማሪ መጽሐፉን ከመውሰዱ በፊት ይህን ያነብባል። ባለሙያውም የትኛው መጽሐፍ እንደሚፈለግ፣ የትኛው አቧራ እንደለበሰ ያውቅበታል፤ መጽሐፍ እንዲገዛ ሲጠይቅም በእጁ ማስረጃ ይኖረዋል።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

የልጅ ጽሑፍ ለዓለም ሲገለጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሙሉ ስም፣ ፎቶ ግራፍ፣ የቤት አድራሻና ስልክ ቁጥር ገጹ ላይ መውጣት የለባቸውም፤ የመጀመሪያ ስም ወይም የብዕር ስም ይበቃል። ወላጅ አስቀድሞ ሊያውቅና ሊፈቅድ ይገባል። ሀገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። የአንባቢ አስተያየት መምህሩ ሳያየው እንዳይወጣ ማድረግም ቀላል ነው፤ አገልግሎቶቹ ይህን ምርጫ ይሰጣሉ። ገጹን ለትምህርት ቤቱ ማኅበረሰብ ብቻ ክፍት ማድረግም ይቻላል።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ተማሪው እውነቱን ቢጽፍስ? እ.ኤ.አ. በ2012 በስኮትላንድ ማርታ ፔይን የተባለች የዘጠኝ ዓመት ልጅ በአባቷ እገዛ «ኔቨር ሴከንድስ» የተሰኘ ጦማር ጀመረች። የትምህርት ቤቷን ምሳ በየዕለቱ ፎቶ እያነሣች ከአሥር ነጥብ ትሰጠው፣ የጉርሻውንም ብዛት ትቆጥር ነበር። ጦማሩ በዓለም ዙሪያ ሲነበብ የአካባቢው ምክር ቤት ፎቶ ማንሣቷን ከለከለ። ቁጣው ከየአቅጣጫው ሲበረታ ክልከላው በአንድ ቀን ውስጥ ተነሣ። ልጅቱ ለተማሪዎች ምገባ የጀመረችው የገንዘብ ማሰባሰብም ከ100 ሺህ ፓውንድ በላይ አስገኘ፤ በማላዊ አንድ ትምህርት ቤት ማብሰያ ቤት ተሠራበት።

ታሪኩ ለርእሳነ መምህራን ትምህርት አለው። ተማሪ አንባቢ ካገኘ አንድ ቀን ስለ ደረቀው የውሃ ቧንቧ ወይም ተቆልፎ ስለሚውለው ቤተ መጻሕፍት መጻፉ አይቀርም። ትምህርት ቤቱ ያን ጊዜ የሚሰጠው ምላሽ ከየትኛውም የሥነ ዜጋ ምዕራፍ የበለጠ ያስተምራል። ሰውን መስደብና ችግርን በማስረጃ መግለጽ የተለያዩ መሆናቸውን ማስተማር ተገቢ ነው፤ ብዕሩን መቀማት ግን «ጻፍ» ያሉትን ልጅ «ለይምሰል ጻፍ» እንደማለት ይቆጠራል።

ኢንተርኔት ከሌለስ?

መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ መጠበቅ አያስፈልግም። ዎርድፕረስን ያለ ኢንተርኔት በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ብቻ ማገናኘት ይቻላል። ኮምፒውተርም ከሌለ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ የሚለጠፍ ጋዜጣና ከሥሩ የተንጠለጠለ የአስተያየት ደብተር ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። በየትምህርት ቤቱ ያለው ሚኒ ሚዲያ በሰልፍ ሰዓት ከሚያሰማው ዝግጅት ጎን ለጎን የተመረጡ ጽሑፎችን ሊያነብብ ይችላል። ሁለት የአጎራባች ወረዳ ትምህርት ቤቶች በወር አንድ ጊዜ ጽሑፍ ቢለዋወጡም የፍሬኔን ሥራ ሠሩ ማለት ነው።

መሣሪያው እንደ አቅም ይለያያል። ሁሉም ጋር የማይቀረው ግን አንድ ነው፤ እርሱም ልጁ የጻፈውን ተቀብሎ የሚያነብብና መልሶ የሚጠይቀው ሰው ነው። ወላጅም ከዚህ ሥራ ውጭ አይደለም። ዛሬ ማታ ልጅዎ የጻፈውን ተቀብለው ያንብቡ፤ ካነበቡም በኋላ ስንት እንዳገኘ ሳይሆን ስለጻፈው ነገር ይጠይቁት።