የተማሪ አቤቱታ በጊዜው ስለ መሰማቱ

ቀድሞ በቆሎ ተማሪው ዘመን አንድ ልጅ ከየኔታ ጋራ ያልተስማማ እንደ ሆነ፣ አኰፋዳውን አንግቶ ወደ ሌላ ጉባኤ ይሄድ ነበር። መንገዱ ረዥም፣ ውሻውም ብዙ ቢሆን፣ እንዳይሄድ የሚያግደው ወረቀት አልነበረም። ዛሬ ግን ተማሪ ያለ ካርድና ያለ መሸኛ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሊገባ ይቸገራል፤ ሁለቱንም የሚሰጠው ደግሞ ያው አቤቱታ የሚቀርብበት ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ልጁ የተበደለበት አባት ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ዝምታውም ከፍርሃት የመጣ ነው እንጂ ከስምምነት አይደለም።

በለገጣፎ የሚኖረውን ወላጅ ማሰብ ይበቃል። በ2015 ዓመተ ምሕረት ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋራ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለለችው ይህች ከተማ፣ ቋንቋውና ሃይማኖቱ ልዩ ልዩ የሆነ ሕዝብ የሚኖርባት ናት። ማልዶ ወደ አዲስ አበባ ለሥራ የሚሄደው ሰው ሲመለስ ጽሕፈት ቤቱ ተዘግቶ ያገኘዋል። ልጁ ያለ ጥፋቱ ከክፍል የተባረረበት እንደ ሆነ፣ ርእሰ መምህሩን ለማነጋገር የአንድ ቀን እንጀራውን መተው አለበት። ወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት የሚባለው ጉባኤ ለዚህ ሊረዳው ይገባል፤ ነገር ግን ስብሰባው ስለ መዋጮ ብቻ ከሆነ በደሉን በየት ያሰማል?

ሕጉ በቀድሞው ጊዜ ወደ መምህሩ ያደላ ነበር። በ1952 ዓመተ ምሕረት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2039፣ ተማሪውን በመጠን የቀጣ መምህር ጥፋተኛ አይባልም ይላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 36 ልጅን በትምህርት ቤት አካሉን ከሚጎዳ ቅጣት ነጻ አደረገው፤ የልጁም ጥቅም እንዲቀድም አዘዘ። ሆኖም መብት በመጽሐፍ መጻፉ ብቻውን ቀን አያስቆምም።

ለዚህ በ2017 ዓመተ ምሕረት በአክሱም የሆነው ነገር ምስክር ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሙስሊም ሴቶች ልጆች ሒጃብ እንዳይለብሱ ተከለከሉ፤ ጊዜውም ለ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና የሚመዘገቡበት ነበረ። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት የታገዱት 159 መሆናቸውን ሲያስታውቅ፣ ትምህርት ቤቶቹ ግን የደንብ ልብስ ሥርዓት ነው አሉ። በጥር ወር የክልሉ ትምህርት ቢሮ እንዲማሩ ደብዳቤ ጻፈ፤ ደብዳቤው ወዲያው በሩን አላስከፈተምና ነገሩ ከፍርድ ቤት ደርሶ ክልከላው ለጊዜው ታገደ። በጥር 13 ቀንም በመቀሌ ሰልፍ ወጣ።

አክሱም ለክርስቲያኑ ምን እንደ ሆነች ለካህን አይነገረውም። ነገር ግን የተያዘው ጉዳይ የከተማይቱ ክብር ሳይሆን፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ድካሟ በአንድ የመመዝገቢያ ቀን ሊጠፋ የቀረበ ልጅ ነበረች። ልጅህ ማተቡን በጥሶ ይግባ የተባለ ክርስቲያን አባት ምን ይሰማው እንደ ነበረ ማሰብ አያስቸግርም።

በጋናም በ2013 ዓመተ ምሕረት የራስ ተፈሪያን ልጆች የሆኑ ሁለት ተማሪዎች፣ ፀጉራችሁን ካልቈረጣችሁ አትገቡም ተብለው ከአቺሞታ ትምህርት ቤት በር ተመለሱ (የሃይማኖታቸው ስም ከኢትዮጵያ የተወሰደ መሆኑን አንባቢ ያውቃል)። ተከሰሰና በአክራ ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግንቦት 23 ቀን ፈረደላቸው። ክርክሩ የተነሣው ግን በመጋቢት ነበረ፤ ባልንጀሮቻቸው በክፍል ሲቀመጡ እነርሱ ፍርድ ይጠብቁ ነበር።

መምህርም በሐሰት ሊከሰስ ይችላል፤ ባለጌ ልጅም፣ ለልጁ የሚያደላ አባትም አይታጣም። ይህ ግን አቤቱታ በቃል ተሰምቶ እንዲቀር ምክንያት አይሆንም። በጽሑፍ ተቀብሎ፣ ቀኑን መዝግቦ፣ ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ ለወላጁ መስጠት ለመምህሩም ጋሻ ነው። መልሱም ከፈተናው ወይም ከመመዝገቢያው ቀን በፊት መድረስ አለበት። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ልጁ በክፍሉ እንዲቀመጥ ለማዘዝ ርእሰ መምህሩ የሚያስፈልገው አንዲት መስመር ብቻ ናት።