የዓሣ ኩሬ ከመቆፈሩ በፊት ውሃው ሊለካ ይገባል

የጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ ወደ ደቡብ ጎርጎራ ሲወረድ የሚገኘው የጣና ሐይቅ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲኖረው፣ በሰሜን አቅጣጫ ያለችው ደባርቅ ደግሞ ከ2 ሺህ 800 ሜትር በላይ ናት። በአንድ ቀን ጉዞ የሚታየው ይህ የከፍታ ልዩነት በጓሮው ዓሣ ለማርባት የሚያስብ አርሶ አደር ምን ያህል ኩሬ መቆፈር እንዳለበት ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው ነው።

ብዙዎች ኩሬውን አስቀድመው ይቆፍሩና ስንት ዓሣ እንደሚይዝ በኋላ ይጠይቃሉ። ትክክለኛው አካሄድ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ስሌቱ መነሳት ያለበት ዓሣው ለገበያ ሲደርስ ከሚኖረው መጠን እንጂ ጫጩቱ ሲገዛ ካለው አይደለም። ጣት የምታክል የቆሮሶ ጫጩት በጠባብ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ደህና ትመስላለች። እያደገች ስትሄድ ግን የምትተነፍሰው ኦክስጅንና የምታስወግደው ቆሻሻ አብሮ ይጨምራል። ከቆሻሻው የሚፈጠረው አሞኒያ በአነስተኛ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይጠራቀማል፤ ዓሣው ባይሞት እንኳ እድገቱ ይገታል።

ስህተቱ የአርሶ አደሩ ብቻ አይደለም። በቀይ ባሕር የኮራል ድንጋዮች መካከል የሚኖረውና ኤምፐረር ኤንጅልፊሽ የሚባለው ውብ ዓሣ በዓለም ገበያ ለጌጥ የሚሸጠው ገና ጥቂት ሳንቲ ሜትር ሳለ ነው። ሲያድግ 40 ሳንቲ ሜትር ስለሚደርስ 800 ሊትርና ከዚያ በላይ የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ያስፈልገዋል። በሳሎን ጥግ በምትቀመጥ ትንሽ ሣጥን የጀመረ ገዢ ከዓመት በኋላ ወይ ዓሣውን ወይ ገንዳውን መቀየር ግድ ይሆንበታል።

ወደ ደጋው ሲመለሱ በቅድሚያ የሚነሳው የቅዝቃዜ ጉዳይ ነው። ቆሮሶ በተሻለ ሁኔታ የሚያድገው የውሃው ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። ከ20 ዲግሪ በታች መራባቱን ያቆማል፣ ከ16 በታች ምግብ መመገቡ እጅግ ይቀንሳል፣ ከ12 በታች ለቀናት ከቆየ ደግሞ ለሞት ሊዳረግ ይችላል። ጥልቀት የሌለው ኩሬ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ቶሎ ይቀዘቅዛል። በመሆኑም ጥልቀቱ በአንደኛው ጫፍ 80 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላኛው እስከ 1 ሜትር ተኩል ቢሆን ይመረጣል። በደባርቅና በአካባቢው ግን ጥልቀት ብቻውን መፍትሔ ስለማይሆን ቆሮሶን ማርባት አያዋጣም።

ከዚህ ጋር የአየሩ መሳሳት አለ። በጎንደር ከፍታ ውሃ ሊይዘው የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚይዘው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው። በኩሬው ውስጥ ያሉት አረንጓዴ ዋቅላሚዎች ቀን ኦክስጅን ያመነጫሉ፣ ሌሊት ግን እነርሱም ይጠቀማሉ። ዓሦቹ ጎሕ ሲቀድ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ሲከፋፍቱ የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ አየር የሚቀበለው የውሃው ገጽ ስፋት ከጉድጓዱ ጥልቀት ያላነሰ ዋጋ አለው።

በ1995 እና በ1996 ዓ.ም በአማራ ክልል በስፋት የተቆፈሩት የዝናብ ውሃ ማሰባሰቢያ ጉድጓዶች ለዚህ ማስተማሪያ ናቸው። ዓላማቸው አነስተኛ መስኖ ነበርና ለትነት የሚጋለጠው ገጻቸው ጠበብ፣ ጥልቀታቸው በዛ ማለቱ ተገቢ ነው። ለዓሣ ግን አይመቹም። ጠርዛቸው ቀጥ ያለ በመሆኑ መረብ ለመጎተት ያስቸግራሉ፤ ፕላስቲክ የለበሱት ደግሞ አንሸራታች ስለሆኑ ለሕፃናት ጭምር አደገኛ ናቸው።

አንዳንዶች በክረምት ከመገጭ ወንዝ የነጭ ዓሣ ግልገል አምጥተው በኩሬ ለማሳደግ ያስባሉ። በጣና ሐይቅ ብቻ የሚገኙት እነዚህ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ግን ለኩሬ የተፈጠሩ አይደሉም። አንዳንዶቹ ከግማሽ ሜትር በላይ ያድጋሉ። በርካቶቹም እንቁላላቸውን የሚጥሉት በክረምት እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ባሉ ገባር ወንዞች ጠጠራማ ወለል ላይ ነው። ቁጥራቸው ባለፉት አሥርት ዓመታት በእጅጉ መቀነሱን ጥናቶች አመልክተዋል፤ ስለሆነም በመራቢያቸው ወቅት ከወንዝ ማውጣቱ ለኩሬው ባለቤት ሳይጠቅም ሐይቁን ይጎዳል።

ለአንድ ቤተሰብ መነሻ የሚሆነው 10 ሜትር በ15 ሜትር፣ ማለትም 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ኩሬ ነው። አማካይ ጥልቀቱ 1 ሜትር ቢሆን 150 ሺህ ሊትር ውሃ ይይዛል። በካሬ ሜትር ሁለት ሒሳብ 300 የቆሮሶ ጫጩቶች ይገቡበታል። ከእነዚህ 200ዎቹ ተርፈው እያንዳንዳቸው 150 ግራም ቢደርሱ 30 ኪሎ ግራም ዓሣ ይገኛል፤ በደጋው ቅዝቃዜ ይህ ከአንድ ዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። ጎረቤት ኬንያ በ2009 እ.ኤ.አ በጀመረችው መርሐ ግብር ያስቆፈረቻቸው ኩሬዎች 300 ካሬ ሜትር ስፋት ነበራቸው። ያ መጠን ግን ለጎንደር ዙሪያ ለሁሉም ቦታ አይሆንም፤ ምክንያቱ የውሃ እጥረት ነው።

ዝናብ ከቆመበት ከጥቅምት እስከ ግንቦት ድረስ በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውሃ በትነት ይጠፋል። በስምንት ወራት ሲደመር ወደ 1 ሜትር ይጠጋል፤ ይህም የኩሬውን ውሃ በሙሉ ያህላል። በሸክላ አፈር ላይ በሚገባ በተጠቀጠቀ ኩሬም ቢሆን በስርገት በቀን 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ሊቀንስ ይችላል። በመሆኑም 150 ካሬ ሜትር ኩሬ በየቀኑ 2 ሺህ 250 ሊትር ገደማ መተኪያ ይፈልጋል።

አርሶ አደሩ ይህን ያለ መሣሪያ ሊለካው ይችላል። ውሃ በሚያንስበት በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በምንጩ ሥር ያስቀምጥና የሚሞላበትን ጊዜ ይቁጠር። በ12 ደቂቃ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ከሞላ ምንጩ 150 ካሬ ሜትሩን ኩሬ ይችለዋል። 24 ደቂቃ ከፈጀበት ኩሬውን በግማሽ፣ የጫጩቶቹንም ቁጥር ወደ 150 ዝቅ ማድረግ ይኖርበታል።