ክቡና ረድፉ፦ የወሎ ክሊፖች ስለ ማኅበረሰቡ ምን ይናገራሉ?

የሙዚቃ ክሊፕ፣ ማለትም አንድን ዘፈን በምስልና በውዝዋዜ አጅቦ የሚያቀርብ አጭር ቪዲዮ፣ ከግጥሙና ከዜማው ባሻገር የራሱ መልእክት አለው። ማን ከማን ጋር እንደሚጨፍር፣ ምን ለብሶ እንደሚታይና ከጀርባው የቱ ተራራ ወይም የቱ ቤት እንደሚቆም የሚወስነው ባለሙያ፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ ያ ማኅበረሰብ ምን እንደሚመስልና አባላቱ እነማን እንደሆኑ እየመሰከረ ነው። ከመካነ ሰላም አንሥቶ እስከ አማራ ሳይንትና ለጋምቦ በተዘረጋው የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ላይ ሆኖ ለሚያያቸው ሰው፣ የወሎ ክሊፖች ለሕዝቡ የሚገባውን ክብር መልሰውለታል፤ ይሁን እንጂ ይህን ያደረጉት ጨዋታውን ከክቡ አውጥተው በረድፍ በማሰለፍና ደጋውን ከምስሉ በማስቀረት ነው።

ልዩነቱን ለመረዳት ከሰርግ ቤት ጨዋታ መነሣት ይገባል። በገጠር ዳስ ውስጥ ጨዋታ የሚደራው በክብ ነው፤ ግጥሙን የሚያወጣው አውራጅ ይጀምራል፣ ተቀባዮቹ በጭብጨባ ይመልሳሉ፣ ከበሮው ወይም ማሲንቆው ምቱን ይይዛል፣ ከመካከል ደግሞ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይገጥማሉ። እስክስታ፣ ማለትም ትከሻን፣ ደረትንና አንገትን ዋና መናገሪያው ያደረገው ውዝዋዜ፣ በወሎ ሲሆን ከጎጃሙ ፈጣንና ኃይለኛ አጨፋፈር ይልቅ ለስለስ ያለ ነው፤ ትከሻው ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ጭብጨባው ሲጠብቅ አንገት ይቀበለዋል፣ ተጨዋቾቹም በዐይን እየተፈላለጉ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይመልሳል። እዚህ ላይ ተመልካች የሚባል ወገን የለም፤ አሁን የሚያጨበጭበው ሰው ቀጥሎ የሚገባው ነው፣ የደከመውም ወጥቶ አጨብጫቢ ይሆናል። ወጣቶች ሽማግሌዎች እያዩ ፊት ለፊት የሚገጥሙበት ይህ ክብ፣ መተጫጨት፣ መፎካከርና መከባበር በአንድ ቦታ የሚፈጸሙበት የማኅበረሰቡ አደባባይ ነው።

ረድፉ የመጣው ከመድረክ ነው። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር ካሜራው የአገር ባህል ውዝዋዜን ከአንድ አቅጣጫ የሚያይ ዐይን ሆነ፤ በደርግ ዘመን ደግሞ በየክፍለ ሀገሩ የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች፣ ከእነርሱም አንዱ የሆነው ዝነኛው የወሎ ላሊበላ ኪነት፣ የየአካባቢውን ጨዋታ ለመድረክ በሚመች መልክ አደራጁት። መድረክ ፊትና ኋላ ስላለው ክቡ ተከፍቶ መስመር ሆነ፤ በሰርግ ቤት እያንዳንዱ የየራሱን ልብስ ለብሶ ይመጣ የነበረው ተጨዋች አንድ ዓይነት ልብስ ለበሰ፤ ይነጋገር የነበረው ትከሻም ወደ ተመልካቹ ዞረ። የዛሬው ክሊፕ የወረሰው ይህንን አሠራር ነው። አንድ ዓይነት ለብሰው እኩል የሚንቀሳቀሱ ስምንት ወይም ዐሥር ወጣቶች ለተመልካቹ የሚነግሩት፣ እዚህ የቆሙት ግለሰቦች ሳይሆኑ ወሎ የሚባል አንድ ሕዝብ መሆኑን ነው፤ ይህም ትልቅ መልእክት ቢሆንም፣ ተጨዋቹ ለጎረቤቱ መጨፈሩን ትቶ ለማያውቀው ሰው ራሱን ማሳየት እንደጀመረም ይመሰክራል።

ወሎ ራሱን በዚህ መልክ ለማሳየት የተነሣበት ምክንያት ደግሞ ከባድ ነው። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በደረሱት የረሃብ ዘመናት የወሎ ሰው ለዓለም የታየው በሌሎች ካሜራ ነበር፤ በጥቅምት 1977 የቢቢሲው ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን በወቅቱ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ኮረም ያስተላለፉት ዘገባ ዓለምን አስደንግጦ ለእርዳታ አነሣሥቷል። በዚያው ዓመት በእንግሊዝና በአሜሪካ ለእርዳታ የተቀረጹት ሁለቱ ዝነኛ ዘፈኖች ክሊፖቻቸው በስቱዲዮ የተሰበሰቡ የምዕራቡን ዓለም ከዋክብት ሲያሳዩ፣ የተዘፈነለት ገበሬ ግን ድምፁም ጭፈራውም በእነዚያ ክሊፖች ውስጥ አልነበረም። በ1980 ዓ.ም. ገደማ ወደ አውሮፓና ወደ ሰሜን አሜሪካ የተጓዘው የሕዝብ ለሕዝብ የኪነት ጉዞ፣ ለተደረገው እርዳታ ምስጋና ከማድረስ ጋር፣ ኢትዮጵያዊው ዘፋኝና ተወዛዋዥ በራሱ አካል ስለ ራሱ እንዲናገር ዕድል ሰጥቷል። ከዚህ ታሪክ አንጻር ሲታይ፣ በዛሬዎቹ የወሎ ክሊፖች የሚደጋገመው የለመለመ መስክ፣ የጠገበ ከብት፣ የተነጠፈ ቄጠማና የሚጤስ እጣን ባዶ ማስዋቢያ አይደለም፤ ስለዚህ ምድር ዓለም የያዘውን ምስል የሚቃወም ምላሽ ነው።

ሁለተኛው ተደጋጋሚ መልእክት የሃይማኖት አብሮነት ነው። ሽርጥ የታጠቀ ወጣት ነጠላ ከለበሰች ልጅ ጋር ሲጨፍር፣ በዜማው ውስጥ ከመንዙማ፣ ማለትም ነቢዩን ከሚያወድሰው የሙስሊሞች መንፈሳዊ ዜማ፣ የድቤና የጭብጨባ ስልት ጋር የሚቀራረብ ምት ሲሰማ፣ ተመልካቹ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሳይቀር አብረው የሚኖሩበትን ወሎ ወዲያው ያውቃል። ይሁንና በዚሁ ምስል ውስጥ የሴቷ ቦታ ጠባብ ነው፤ ቡና አፍልታ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ አንገቷን እየሰበቀች የምትታየው ወጣት ስትሆን፣ በቡናው ዙሪያ ተቀምጠው ዱዓ የሚያደርጉትና የሚመርቁት፣ ዱበርቲ የሚባሉት በመንፈሳዊ ሕይወታቸው የተከበሩ እናቶች እምብዛም አይታዩም። በእውነተኛው ወሎ ቃላቸው የሚሰማው እናቶች ከክሊፑ ሲቀሩ፣ ሴትነት ከውበት በቀር ሌላ ሥልጣን የሌለው ይመስላል።

ሦስተኛው ጉዳይ መልክዐ ምድር ነው። ከአራቱ የኢትዮጵያ ቅኝቶች፣ ማለትም የድምፅ አደራደር ሥርዓቶች፣ አምባሰልና ባቲ ስማቸውን ከወሎ ቦታዎች ጋር ስለሚጋሩ፣ የክሊፕ ካሜራም በአብዛኛው ወደ ደሴ፣ ወደ ሐይቅና ወደ ባቲ ዙሪያ ያዘነብላል። ገብስ የሚያበቅለው፣ ውርጭ የሚመታው፣ በጎች የሚሰማሩበትና ሰው ጋቢ ደርቦ የሚውልበት፣ ከመካነ ሰላም የሚነሣው የቦረናና የሳይንት ደጋ ግን ወሎ ሲባል ቶሎ ለዐይን አይመጣም፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት፣ ጅብራ የሚባለው ተክል የቆመበት የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክም ሆነ ጥንታዊቷ ተድባበ ማርያም ያሉት በዚሁ ደጋ መሆኑን ክሊፕ ብቻ የሚያይ ሰው ላያውቅ ይችላል። ክሊፖቹ የሚመርጡት የመስከረምን ልምላሜ በመሆኑ የበጋው ደረቅ ማሳ ይቀራል፤ ከማሳው ጋርም እዚያ ላይ የሚለፋው ሰው ይቀራል። ለረሃቡ ምስል ምላሽ ለመስጠት ድካምን መደበቅ ግን አያስፈልግም፤ ሠርቶ የሚኖር ሰው በሥራው መታየቱ ክብሩን አይቀንስበትምና።

ክሊፕን በጥንቃቄ ማየት የሚፈልግ ሰው ሦስት ጥያቄዎችን ቢይዝ ብዙ ያገኛል፤ ተጨዋቾቹ የሚያዩት ማንን ነው፣ ልብሱ የማን ምርጫ ነው፣ ከዚያ ቦታ ሰዎች ውስጥ ያልታየው ማን ነው። ዛሬ ስልክ የያዘ የመካነ ሰላም ወጣት ያለ መድረክና ያለ ስቱዲዮ መቅረጽ ስለሚችል፣ ካሜራውን ከክቡ ፊት ለፊት ከማቆም ይልቅ ክቡ ውስጥ ቢያስገባው፣ የሚያጨበጭቡትን እጆች፣ የሚመርቁትን እናቶችና የውርጩን ማለዳ አብሮ ቢቀርጽ፣ ወሎ በአንድ ዓይነት ልብስ ከተሰለፈው ይልቅ ሰፊና እውነተኛ ሆኖ ይታያል። የኪነት ቡድኖች በጊዜያቸው ሊሠሩት የሚችሉትን ሠርተዋል፤ የቀረውን መሥራት የዚህ ትውልድ ፋንታ ነው፣ መሣሪያውም በእጁ አለ።