የወተት ጥርስ ሥር ከታከመ በኋላ ሕፃናት ስለሚሰማቸው ሕመም

የወተት ጥርስ ወላቂ ስለ ሆነ ቢታመም ይነቀል እንጂ ምን ይታከማል የሚለው አሳብ ከከተማ ነዋሪዎች ዘንድ ገና አልጠፋም። ይሁን እንጂ ከ20ዎቹ የወተት ጥርሶች መካከል የመጨረሻዎቹ መንጋጋዎች የሚወልቁት ልጁ ከ10 እስከ 12 ዓመት ሲሆነው ነው። በ5 ዓመቱ መንጋጋው የተነቀለበት ልጅ ብዙ ዓመት ክፍተት ይዞ ይቆያል፤ በ6 ዓመቱ ገደማ ከኋላ የሚበቅለው ቋሚ መንጋጋም ወደ ፊት እየተጠጋ ቦታውን ሊይዝበት፣ ተተኪው ጥርስም ጠምሞ ሊወጣ ይችላል።

ብስባሴው ወደ ውስጥ ዘልቆ ነርቩን ባበላሸ ጊዜ ሐኪሙ ጥርሱን አደንዝዞ የተበላሸውን ሥጋ ከሥሮቹ ቀዳዳ በቀጫጭን መሣሪያ ጠርጎ ያወጣል፤ ቀዳዳውንም አጥቦ ይሞላዋል። ለአዋቂዎች የሚሆነው ጉታፐርቻ ለወተት ጥርስ አይስማማም። ቋሚው ጥርስ ከሥር ሲያድግ የወተቱ ጥርስ ሥር እየሟሟ ስለሚያልቅ፣ መሙያውም አብሮ የሚሟሟ መሆን አለበት። ከነዚህም አንዱ የዚንክ ኦክሳይድና የዩጂኖል ልቁጥ ነው። ዩጂኖል ከቅርንፉድ የሚገኝ ዘይት ነውና፣ ለጥርስ ሕመም ቅርንፉድ የሚነክሱ ሰዎች ልማዳቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ማደንዘዣው ሲለቅ ጥርሱ ቢያም የሚያስደነግጥ አይደለም። መሣሪያው፣ ማጠቢያው ወይም ጥቂት ጉድፍ ከሥሩ ጫፍ አልፎ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ሊያስቆጣ ይችላል። ሕመሙ በመጀመሪያው ቀን፣ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ይበረታል፤ ከዚያም እየቀነሰ ሄዶ ባብዛኛው በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠፋል። በማግሥቱ «ሕክምናው አልያዘም፣ ንቀሉልን» እያሉ የሚመለሱ ወላጆች እንግዲህ ቸኩለዋል። ሕመሙ ልጁ ሲነክስ ብቻ የሚሰማው ከሆነ ግን ሙሌቱ ወይም የብረት ቆቡ ከፍ ብሎ እንደ ሆነ ሐኪሙ ይየው፤ ይህ በጥቂት ደቂቃ የሚስተካከል ነገር ነው።

ለማስታገሻ ፓራሲታሞል ይበቃል። መጠኑም ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ ነው፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም ማለት ነው። ሽሮፑ በወጥ ማንኪያ ሳይሆን በራሱ መለኪያ ይሰፈር። አስፕሪን ግን ለልጅ ፈጽሞ አይሰጥ። አውስትራሊያዊው ሐኪም ዳግላስ ራይ በ1963 እ.ኤ.አ. የገለጸው፣ አንጎልንና ጉበትን የሚያጠቃው ብርቱ በሽታ ጉንፋን ወይም የውሃ ፈንጣጣ ይዟቸው አስፕሪን ከወሰዱ ልጆች ጋር የተያያዘ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። አስፕሪን ወይም ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ድድ ላይ ማኖርም ድዱን ከማቃጠል በቀር የሚረባው የለም።

ከንፈሩ ደንዝዞ ሳለ ልጁ ሳያውቀው እየነከሰ ያቆስለዋል። ስለዚህ ድንዛዜው እስኪለቅ፣ ይኸውም ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያህል፣ የሚታኘክ ምግብ አይሰጠው።

መምህራን የታከመውን ልጅ በማግሥቱ በክፍል ውስጥ ያገኙታል። ትንሽ ልጅ «ያመኛል» ለማለት ያፍራል፤ ወይም ከትምህርት ለመቅረት ያጋንናል። ለዚህ ዶና ዎንግና ኮኒ ቤከር በ1983 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ያዘጋጁት፣ ከሚስቅ እስከሚያለቅስ በተራ የተሣሉ 6 ፊቶች ያሉበት መለኪያ ይረዳል። ልጁ የራሱን ሕመም የሚመስለውን ፊት በጣቱ ያሳያል። መምህሩ ግን «ይህኛው ነው አይደል?» እያለ አይምራው።

ሕመሙ ከ3 ቀን በኋላ ከመቀነስ ይልቅ ቢብስ፣ ድዱ መግል ቢቋጥር ወይም ጉንጩ ቢያብጥ ወደ ታከመበት ስፍራ ይወሰድ። ትኩሳት ቢጨመርበት፣ እብጠቱ ዓይኑን ቢደፍነው፣ ወይም ምራቁን መዋጥና መተንፈስ ቢቸግረው ግን ጧትን ሳይጠብቁ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል።