በር ከተከፈተ በኋላ የሚቀር ፍርሃት

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በወሩ መጨረሻ በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጨባበጥም፣ ከ4 ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብም ተከለከለ። ክልከላው ሁሉንም እኩል አልነካም። በሐዋሳ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ እንደ ሌላው ሰፈር ሁሉ፣ የአዛውንት ቀን የሚሞላው በጎረቤት ቡና፣ በእድር፣ ለቅሶ በመድረስና በቤተ እምነት ደጅ ነው። የቆመውም ይኸው ነበር።

ክልከላው ከተነሳ በኋላ ግን ወደ ቀድሞው መመለስ የከበዳቸው አሉ። እናት ቡና ሲጠሩ «ዛሬ ይቅርብኝ» ይላሉ፤ አባት ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ተነስተው በር ላይ ልባቸው ይመታል። ልጆች ይህን እርጅና ወይም ግትርነት ይሉታል። እኔ ግን ስሙን ጭንቀት ብለን ብንጠራው የምንረዳቸው ይመስለኛል።

አሚግዳላ የሚባለው ትንሽ የአንጎል ክፍል አደጋን ፈጥኖ ይለያል። ለወራት «ሰው ካለበት ራቁ» ሲባል የኖረ አንጎል አዋጅ ስላበቃ ብቻ የተማረውን አይጥልም። መሸሽ ደግሞ ፍርሃቱን ይመግበዋል። ከእድር የቀሩት አዛውንት ለጊዜው እፎይ ይላሉ፤ አንጎላቸው ግን «የዳንኩት ስለቀረሁ ነው» ብሎ ይይዘዋል። በሚቀጥለው ወር መውጣቱ ይብስባቸዋል።

ስለዚህ «አይዞዎት፣ ምንም የለም» ማለት ብቻውን አይፈውስም። አንጎል የሚያምነው ሄዶ ያየውን ነው። መጀመሪያ ከአንዲት ጎረቤት ጋር ደጃፍ ላይ መቀመጥ፣ ቀጥሎ አንድ ስኒ ቡና፣ ሲለመድ እስከ በረካ መቆየት፣ ከዚያ የእድር ስብሰባ። ዋናው ቁም ነገር ፍርሃቱ ሲነሳ ወዲያው አለመመለስ፣ በረድ እስኪል መቆየት ነው። አየርን ቀስ ብሎ፣ ከሳቡት አስረዝሞ ማስወጣት የልብ ምቱን ያረጋጋል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የልብ መምታት፣ ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ከልብ ሕመም፣ ከእንቅርት ወይም ከደም ማነስም ሊመጡ ስለሚችሉ አስቀድሞ መመርመር ይገባል። እንደ ዳያዜፓም ያሉ ማስታገሻዎችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መዋጥ በዚህ ዕድሜ ለመውደቅና ለመደናገር ያጋልጣል። ጆሮም ይታይ፤ መስማት ያቃተው ሰው ጨዋታው ስለሚያመልጠው ከጉባኤ ይሸሻል።

ደስ የሚያሰኘኝ ማስረጃ የመጣው ከዚምባብዌ ነው። የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሰፈር አያቶችን አሠልጥኖ፣ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የተጨነቁትን እንዲያዳምጡና አንድ ችግር መርጠው መፍትሔ እንዲፈልጉ አደረገ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ 573 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ አያቶቹ ያነጋገሯቸው ሰዎች ከ6 ወር በኋላ ከሌሎቹ ይልቅ ሕመማቸው እንደቀለለ አሳይቷል። እዚያ አያቶቹ ረዳት ናቸው እንጂ ታማሚ አይደሉም።

የሐዋሳ እድሮችም የተጨነቁትን አዛውንት እንዲህ ለሌላው ረዳት ሊያደርጓቸው ይችላሉ ብዬ አምናለሁ። ቤት የዋሉትን እማማ «ይምጡ» ከማለት ይልቅ፣ «አዲሷ ሐዘንተኛ ብቻዋን ናት፣ አብረዋት ይዋሉ» ብሎ መላክ። ከኪዳነ ምሕረት ማኅበርም ሆነ ከመስጊድ የቀሩትን አባት፣ አብሮ የሚሄድ ጎረምሳ ሰጥቶ የተጣሉ ጎረቤቶችን እንዲያስታርቁ መጠየቅ።