ግብር ያልከፈለችው የሌሊት ወፍ

መርጡለ ማርያም ላይ ቆመን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ስንመለከት ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷት ነበር። እቴጌ እሌኒ ያሠሩት የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ፍራሽ በማታው ብርሃን ቀልቷል። ከዚያም ወደ ማደሪያችን ገብተን ደጅ እንደ ተቀመጥን አንዲት የሌሊት ወፍ ከጣራው ክዳን ሥር ሹልክ ብላ ወጣች። የቤቱ ባለቤት፣ አንድ አዛውንት፣ በቁጣ ዱላቸውን አነሡ።

«ይህች ግብር አምላጭ! ወፎች ግብር አምጪ ቢሏት ጥርሴን እዩ፣ አይጥ ነኝ፤ አይጦች ቢጠይቋት ክንፌን እዩ፣ ወፍ ነኝ ብላ ቀረች። ነገ በጭስ አስወጣታለሁ!»

እኛም ፍርዱን ጥቂት እንዲያቆዩልን ለምነን ስለ ቆላዋ ዘመዷ አጫወትናቸው።

በሀገራችን ደረቅ ቆላ፣ በግራርና በቁጥቋጦ ምድር የምትኖር፣ አፍንጫዋ ላይ የልብ ቅርጽ ያለው ቆዳ የበቀለባት የሌሊት ወፍ አለች። ጀርመናዊው የእንስሳት ሊቅ ፔተርስ በ1872 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለዓለም ሊቃውንት ያስተዋወቃት ከኢትዮጵያ በተገኘ ናሙና ነው። ክብደቷ ከ21 እስከ 35 ግራም ቢሆን ነው፤ ጆሮዎቿ ግን ከራሷ ይበልጣሉ። ቀን ቀን በዋሻና በባኦባብ ዛፍ ዋሻ ግንድ ውስጥ ከብዙ ጓደኞቿ ጋር ተንጠልጥላ ትውላለች። ሲመሽ እያንዳንዷ ወደ ድርሻዋ ትሄዳለች። ከዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ ሆና ጥንዚዛ በደረቅ ቅጠል ላይ ሲሄድ ኮቴውን ታዳምጣለች፤ ወርዳም ታነሣዋለች። ጊንጥም አይቀራት። በዝናብ ወራት የሚበር ነፍሳት ሲበዛ ደግሞ አደኗን ወደዚያ ታዞራለች። ከሁሉ የሚደንቀው መዝፈኗ ነው፤ ወሰኗን የምታስከብርበትን አጫጭር ዜማ የሰው ጆሮ ሳይቀር ይሰማዋል።

«ደም ትመጣለች ይባላል እኮ» አሉ አዛውንቱ።

ደም የሚመጡት በዓለም 3 ዓይነቶች ብቻ ሲሆኑ፣ የሚገኙትም በአሜሪካ አህጉር ነው። በጣራችን ሥር የምትጠጋውም ሥራዋ ትንኝና የእሳት እራት መልቀም ነው። ይሁን እንጂ የሌሊት ወፍ እንደ አይጥ ስላልሆነች በአንድ ጊዜ የምትወልደው ባብዛኛው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ማደሪያ በጭስ ቢጠፋ፣ የጠፋው መንጋ እንዲተካ ብዙ ዓመት ያስፈልገዋል። ኩሷ እንዳይበክል ጎታን መክደን ይበቃል። በእጅ መንካት ግን አይገባም፤ ብትነክስ የእብድ ውሻ በሽታ ልታስተላልፍ ትችላለችና።

አዛውንቱ ዱላቸውን አስደግፈው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም የልጅ ልጃቸውን ጠርተው የጎታውን ክዳን እንዲያጠብቅ አዘዙት።

«እንግዲያማ ልጆቼ» አሉን፣ «ግብሯን ሌሊት ሌሊት ስትከፍል ኖራለቻ!»