የትንሣኤው ማዕድና የአረጋውያን ጤና

የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ተፈጽሞ ምእመናን ለብርሃነ ትንሣኤው ሲበቁ በየቤቱ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ ዶሮው ይሠራል፤ ልጆችና የልጅ ልጆችም ከያሉበት ተሰባስበው የአረጋውያንን ምርቃት ይቀበላሉ። ይሁን እንጂ በዚሁ ሰሞን ከማዕዱ ተነሥተው ወደ ሆስፒታል የሚወሰዱ አረጋውያን አይታጡም። ሕመማቸው ድንገተኛ ይምሰል እንጂ፣ ብዙውን ጊዜ በቤት ውስጥ ምልክቱን አስቀድሞ ያሳየና ልብ የሚለው አጥቶ የከፋ ነው።

የስኳር ሕመም መድኃኒት ወስዶ እህል ሳይቀምሱ መዋል በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከመጠን በታች ዝቅ አድርጎ ራስን ሊያስት ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒትን ማቋረጥም አንጎል ውስጥ ደም እስከ ማፍሰስ ያደርሳል። በአንጻሩ ጾሙ ሲፈታ ጨው የበዛበት ምግብ ልቡ የደከመን ሰው ይጎዳል፤ ጨው በሰውነት ውስጥ ውኃ ስለሚያጠራቅም እግር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል። እርጅና የጥማትን ስሜት ስለሚቀንስ ደግሞ አረጋውያን ካልተጋበዙ በቂ ውኃ አይጠጡም። ለዓይን የሚያምረው ቄጤማ እንኳ በለሰለሰ ወለል ላይ ሲሆን አዳላጭ ነው፤ በዚያ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ስብራት ለወራት አልጋ ላይ ያውላል።

ቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን በጾም አታስጨንቅም፤ ከንስሐ አባት ጋር መመካከር የቆየ ሥርዓት ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ጸበልና መድኃኒት እንደማይጻረሩ ለምእመናን ማስገንዘባቸው ይታወሳል።

ከዚህም ባሻገር ከባዱ ችግር የአረጋውያን ዝምታ ነው። «እንዴት ሰነበቱ?» ሲባሉ «ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ እንጂ፣ መድኃኒቱ ካለቀ ሳምንት እንደሆነው ልጆቻቸውን እንዳያስቸግሩ ብለው አይናገሩም። በመሆኑም ጠያቂ ልጅ ሰላምታውን ብቻ ሰምቶ መመለስ አይገባውም። የመድኃኒቱን ብልቃጥ ከፍቶ ይመልከት፤ የእግራቸውን እብጠት ያስተውል፤ ሌሊት ወደ መጸዳጃ የሚሄዱበት መንገድ መብራት እንዳለው ይይ።

ልጅ በሩቅ ላለባቸው ወይም ጧሪ ለሌላቸው ደግሞ ጎረቤት አለ። እድሮቻችን በኤች አይ ቪ ስርጭት ዘመን ከቀብር አልፈው ሕሙማንን በየቤታቸው የደገፉበት ልምድ አላቸው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረውና ኋላም ወደ ከተሞች የተስፋፋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎችን ቤት ለቤት አሰማርቷል። እድሩ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን መዝግቦ ለእነዚህ ባለሙያዎች ቢያሳውቅ፣ በየወሩም ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሳቸው ሰው ቢመድብ፣ ግፊትና ስኳራቸው ሳይባባስ በቅርብ ይታያል።

እድር ለአባሉ የሚደርሰው ድንኳን በሚተከልበት ዕለት ብቻ ሊሆን አይገባም። አባሉ በሕይወት ሳለ ውኃ የሚያቀብለው፣ መድኃኒቱን የሚያስታውሰው ጎረቤት ማግኘቱ ከድንኳኑ ይቀድማል።

መልካም የትንሣኤ በዓል!